ሠላሳ ሁለት ሳጥን ኮክ

በፍራፍሬ ማከማቻው ውስጥ መዝገብ ላይ ያለውን ስሙን የምታውቀው የደመወዝ ጸሐፊዋ ብቻ ነበረች። ሌሎቻችን ጋሽ ቅምሻ ነበር የምንለው። ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ፣ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ የተላላጠ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት እጁን ጎምዛዛ ውኃ ውስጥ ሲነክር ኖሮ እንዴት አይላላጥ!

ሥራው ይኼው መንከር ነው። ገበሬው ኮኩን ለቅሞ ያመጣል፤ እኛ መራጭ ሴቶች የተቀጠቀጠውን ከደህናው እንለያለን፣ እናጥባለን። ከዚያ ኮኩ በፕላስቲክ ቅርጫት ተደርጎ ቫይታሚን ሲ በተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ወጥቶ በወንፊት አልጋ ላይ ይዘረጋል፣ በማራገቢያ ይደርቃል፣ በሳጥን ሆኖ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል። እንዲህ ያልተደረገለት ኮክ በሁለተኛው ሳምንት ጉድ ይሠራል። ላዩን ስታዩት ጉንጩ እንደ ሙሽራ የቀላ ነው፤ ስትሰነጥቁት ግን ከመሃሉ ፍሬ ዙሪያ ጠቁሮ ጥጥ የመሰለ ነገር ይሆናል። በደንብ የተነከረው ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሦስት ሳምንት መቆየት ደግሞ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ኮክ ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይሞታል፣ ሦስት ሳምንት የታገሠ ግን እጥፍ ያገኛል።

ዱቄቱ አመለኛ ነው። ብርሃን አይወድም፣ ሙቀት አይወድም፣ ብረት ከነካው ይሞታል፣ ተበጥብጦ ካደረ አይሠራም። «የማይወደው ነገር ብዛቱ! ከአማቴ ይብሳል» ይል ነበር ጋሽ ቅምሻ። ቅምሻ ያሰኘውም የራሱ አሠራር ነው። ገንዳውን በእንጨት ካማሰለ በኋላ በኩባያ ይቀዳል፤ ጠብታ ምላሱ ላይ ያደርግና ወደ ጣሪያው አንጋጦ ይቆያል። እኛ ቅርጫታችንን እንደያዝን ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው እንቆማለን። «ግማሽ ማንኪያ ይጎለዋል» ይላል። ወይም «በቃ፣ አስገቡ»። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እሱ የነከረው ኮክ ተበላሽቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ መጣች። የቁስል አዮዲን በኩባያው ውኃ ላይ አንድ ጠብታ አደረገች፤ ቡናማው ቀለም ዓይናችን እያየ ጠፋ። «ቫይታሚኑ በሕይወት ካለ አዮዲኑን ይውጠዋል። ቀለሙ ከቀረ ገንዳው ውስጥ ቫይታሚን የለም ማለት ነው» አለች። ጋሽ ቅምሻ እጁን አጣምሮ አያት። «ልጄ፣ አንቺ ጠብታሽን እስክትቆጥሪ እኔ ሦስት ገንዳ እጨርሳለሁ» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ጠርሙሷን ግን የመጀመሪያ እርዳታ መስጫው ሣጥን ውስጥ ትታው ሄደች።

ጋሽ ቅምሻ አንዲት ታናሽ እህት አለችው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አብረው የተከሏቸው ኮኮች ዘንድሮ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያፈሩት። ማሳዋ ተዳፋት ላይ ነው፤ ውኃው ከታች። በበጋ ለእያንዳንዱ ዛፍ በጄሪካን እያመላለሰች ስታጠጣ ወገቧ አልቋል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሸክም ከተሸከምሽ አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ» ብሏታል። ስለዚህ ዘንድሮ የውኃ ፓምፕ መግዛት አለባት፤ ካልገዛች ዛፎቹን ማን ያጠጣቸዋል?

አንድ ነጋዴ ማሳው ድረስ መጥቶ ሁሉንም ልውሰድ ብሏት ነበር። እሺ ልትል ስትል ወንድሟ ከለከላት።

«በዚህ ዋጋ? በነጻ ውሰደው በይው ይሻላል! ሃያ አንድ ቀን እኔ ልያዝልሽ። የትልቁ ፍራፍሬ ገዢ ድርጅት መኪና ሲመጣ በእጥፍ ትሸጪዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ቢበላሽስ?»

«እኔ ነክሬው?»

«እሺ» አለች፣ «አንተ ካልክ።»

ሠላሳ ሁለት ሳጥን ሆነ። የነከራቸው ቀን አዲስ ባልዲ ዱቄት ነበር የከፈተው። ኩባያውን ቀምሶ ወደ እህቱ ዞረ፤ «ይኼ ነው ቫይታሚን ማለት! እንዲህ ያለ ጠንካራ ካየሁ ስንት ጊዜዬ» አላት። በማግስቱ ዝናብ ጀመረ፤ ከሳምንት በላይ ለቀማ ቆመ፣ ገንዳውም ደርቆ ከረመ።

የእህቱ ኮክ ከተነከረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ ጥቂት ኮክ መጣ። ጋሽ ቅምሻ ያንኑ ባልዲ ከፍቶ በጠበጠ። ባዶ ሳጥን ሲያነሳ ምስማር አውራ ጣቱን ቦጨቀው። አንዲት መራጭ አዮዲኑን አምጥታ አፈሰሰችለት፤ እጁ ከገንዳው በቀዳው የቅምሻ ኩባያ ላይ ነበርና ጥቂቱ ኩባያው ውስጥ ገባ።

ውኃው ቡናማ ሆነ። ቡናማ እንደሆነም ቀረ።

ሴትየዋ ምንም ሳይመስላት ጠርሙሱን ከድና ሄደች። እሱ ግን ኩባያውን እንደያዘ ቆመ። ወዘወዘው። ወደ መስኮቱ ወሰደው። አዮዲኑ አርጅቶ ይሆናል ብሎ አዲስ ያልተከፈተ ባልዲ ቀደደ፣ በሌላ ኩባያ በጠበጠ፣ አንድ ጠብታ ጨመረ። ቀለሙ የኩባያውን ሥር ሳይነካ ጠፋ። ሁለቱን ኩባያዎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱንም ቀመሰ። አንድ ናቸው። ደግሞ ቀመሰ። አንድ ናቸው።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘውን፣ ባለቁልፉ የምንለውን ሰው፣ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘው። ባለቁልፉ ወፍራም፣ ሆደ ባሻ፣ ለማንም እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ባልዲ ውስጥ ምንድነው ያለው?»

«የቱ? ቫይታሚን ነዋ።»

«እየኝ እስቲ፤ ዓይኔን እየኝ።»

ባለቁልፉ ባልዲውን አየ እንጂ ዓይኑን አላየም። «ጋሽ ቅምሻ፣ ሰዎቹ ጉንፋን ያዛቸው» አለ። «ጫኝና አውራጆቹ። አንድ ማንኪያ ስጠን፣ ቫይታሚን ነው አይደል እንዴ፣ ለኮክ የተፈቀደ ለሰው ምን ይከለክለዋል አሉኝ። ሰጠሁ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት ... ባልዲው አለቀ። ቆጠራ ደረሰ። ምን ላድርግ?»

«ምን አደረግክ?»

«ጭማቂ ቤት ያለችው ምራቴ ሲትሪክ አሲድ ሰጠችኝ። እሱም ነጭ ነው፣ እሱም ይጎመዝዛል። እኔማ እንደቀመስከው ታውቀዋለህ፣ ትቆጣኛለህ፣ ያኔ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። ጠበቅኩህ'ኮ! አንተ ቀምሰህ ‹ይኼ ነው ቫይታሚን ማለት› ስትል እኔም ... ምንም ልዩነት የለውም ማለት ነው አልኩ።»

ጋሽ ቅምሻ ጥፊ የቀመሰ መሰለ። ቁጭ የሚልበት ፈልጎ የዱቄት ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«የእህቴ ነው» አለ። «ያ ሁሉ የእህቴ ነው።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። ቅዝቃዜው ይይዘዋል። እንዲያውም ጎምዛዛ ጎምዛዛ ነው፣ ትንሽ ሳይረዳው አይቀርም። ኮኩ ላይ ተጽፎበታል? ዝም ብንል ማን ያውቃል?»

ጋሽ ቅምሻ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ገብቶ የእህቱ ሳጥኖች ፊት ቆመ። ሠላሳ ሁለቱም በአራት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በላያቸው እሷ ራሷ በከሰል የጻፈችው ምልክት አለ። ከላይኛው ሳጥን አንድ አውጥቶ በቢላ ሰነጠቀ። ነጭ፣ ውኃ ያዘለ፣ ምንም የለበትም። ልቡ መለስ አለለት። ከሌላ ረድፍ ሌላ አወጣ። ከመሃሉ ፍሬ ዙሪያ የሻይ ዝቃጭ የመሰለ ክብ ጀምሯል። ጥፍር የምታህል ናት። ሦስተኛ አልሰነጠቀም። በር ሲንኳኳ ስንጥቆቹን የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው፤ ውኃቸው ጨርቁን አልፎ ጭኑን ሲያቀዘቅዘው ይሰማዋል።

መራጯ ነበረች። «ጋሽ ቅምሻ፣ ገንዳው ይጠብቅሃል። ምነው ፊትህ አመድ ሆነ?»

«ብርዱ ነው።»

ያን ቀን ከአዲሱ ባልዲ በጥብጦ ነከረ። ለማንም አልተናገረም። ከመኝታ ቤቱ ጣሪያ ጋር ሲያፋጥጥ ያሳደረው ሐሳብ ምን እንደነበር ኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ስለ ኮኩ ብቻ አልነበረም። «ምላሴ» አለኝ፤ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምላሴ አምኜ፤ ነገ ሰው ሁሉ ምን ይለኛል እያልኩ ነው ያደርኩት። እህቴን ያሰብኳት ሊነጋ ሲል ነው። እግዜር ይይልኝ፣ እውነቱ ይኼ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት እህቱ ቤት ሄደ። በር ላይ ቆማ ባዶ ጄሪካን ስታጥብ አገኛት።

«ጋሼ! በጠዋቱ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። አይደለም። ስሚኝ ... ኮኩ አልተነከረም።»

«ምን ማለት ነው አልተነከረም? ዓይኔ እያየ ነከርከው እኮ።»

ነገራት። ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ ሲትሪክ አሲዱ፣ ስለ ምላሱ። ቀኑን ግን አልነገራትም። «ዛሬ አወቅኩ» አላለም፣ «ትናንት አወቅኩ»ም አላለም፤ ዘለለው። እሷም አልጠየቀችም። ጄሪካኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ሁሉም ተበላሽቷል?»

«አላውቅም። አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ ጀምሯል። እስከ መኪናው ቀን ስምንት ቀን አለ። የድርጅቱ መራጭ ከእያንዳንዱ ጭነት አሥር ይሰነጥቃል፤ ሦስቱ ከጠቆሩ ሁሉንም ይመልሳል።»

«እንደገና ብትነክረውስ?»

«የቀዘቀዘ ኮክ አውጥቶ አርጥቦ መመለስ ሻጋታ መጥራት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ማድረቂያ ቤት። ዛሬውኑ አውጥተን፣ ሰንጥቀን፣ በእውነተኛው ቫይታሚን ነክረን እናድርቀው። ዋጋው ያንሳል፤ ግን አይጠፋም።»

ነጠላዋን አጣፋችና ቀድማው ወጣች። በመንገድ ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ መምጣትህ ደግ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀኝ ነበር።» እሱ እግሩ ሥር ያለውን ጠጠር እያየ ሄደ።

ማድረቂያ ቤቱ ከማከማቻው ጀርባ ነው፤ ሰፊ፣ ሞቃት አየር የሚነፍስበት፣ ግድግዳው ሙሉ ወንፊት መደርደሪያ የሆነ አዳራሽ። ባለቤቷ ፈጣን፣ ነገር የማትቋጥር ሴት ናት። እህቲቱ ሠላሳ ሁለት ሳጥን ስትላት ራሷን ነቀነቀች።

«አሥራ ስድስት። ከዚያ በላይ ቦታ የለኝም፤ እነዚያን መደርደሪያዎች ዛሬ ማለዳ ባለ ቴምር ይዟቸዋል። ምነው ትናንት ብትመጡ! ትናንት እኮ አዳራሹ ባዶውን ነበር፤ ዝንብ ነበር የማባርረው።»

እህቲቱ ወደ ወንድሟ ዞረች። ሴትየዋ ምን እንደተናገረች አላወቀችም፤ ስለ ማራገቢያዋ ማውራቷን ቀጠለች።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው።

ዓይኑን ወደ መደርደሪያዎቹ አዞረ።

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ። መቼ ነው ያወቅከው?»

«ትናንት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ትናንት ጠዋት!»

«አንቺ ልጅ ...»

«ተወኝ።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ባለማድረቂያዋ ግን ወሬዋን አቋረጠች። «አሥራ ስድስቱን እንያዝ» አለቻት እህቲቱ። «ሰዓቱ ይሄዳል።»

የዚያን ቀን ሥራ እንዲህ ነበር። የተሰነጠቀ ኮክ ደቂቃ አይሰጥም፤ አየር እንደነካው መጥቆር ይጀምራል። ስለዚህ ቢላው፣ ገንዳውና መደርደሪያው ሳይቆራረጡ መሄድ አለባቸው። ስምንት ሴቶች ሆነን ሰነጠቅን። ተቆጣጣሪዋ ስልክ ተደውሎላት መጣች። ባለቁልፉ ሳይጠራ መጥቶ እጅጌውን ጠቀለለ፤ ነገሩ ስለተሰማ ቁልፉን የማከማቻው ሥራ አስኪያጅ ያን ጠዋት ተቀብሎታል። ጋሽ ቅምሻ ገንዳው ዘንድ ቆሞ፣ በየሩብ ሰዓቱ ኩባያ እየቀዳ፣ አዮዲን ጠብ እያደረገ ያያል። ቀለሙ ሲዘገይ ዱቄት ይጨምራል። ሁሉም ሰው ያየዋል።

«ጋሽ ቅምሻ፣ ምላስህ ዛሬ ፈቃድ ወጣች እንዴ?» አለች አንዷ ተረበኛ።

ሳቅ ተጀምሮ ግማሽ ላይ ቀረ። እህቱ ከፊት ለፊቱ ትሰነጥቃለች፤ ከስንጥቁ ውስጥ የጠቆረውን በቢላዋ ጫፍ እየፈለቀቀች መሬት ላይ ትጥላለች። ከአራት አንዱ እንዲያ ነበር። በወደቀ ቁጥር እሱ ያያል፣ እሷ ግን ቀና አትልም። ቅርጫቱን እሱ ፊት ታስቀምጥና ዞር ትላለች። «ጋሼ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ስድስቱ አለቀ።

የቀረውን አሥራ ስድስት ምን ታድርገው? ዝናቡ አባርቶ ሁሉም ሰው ለቅሞ ስለነበር ገበያው ላይ ኮክ በአካፋ ነበር የሚዛቀው። ተቆጣጣሪዋ ማድረቂያው እስከ አሥር ቀን እንደማይለቀቅ አረጋገጠችላት። እህቲቱ ማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ከዚያ «ይቆይ። መኪናው ይይዘው» አለች። የተናገረችው ለተቆጣጣሪዋ ነው።

ስምንት ቀን። ጋሽ ቅምሻ በየጠዋቱ የክፍሉን ቴርሞሜትር ያያል፤ በቀን አምስት ጊዜ ያያል። አንድም ኮክ አልሰነጠቀም። «ለምን አታየውም? ቢያንስ ታርፋለህ» አልኩት። «ባየው ምን አደርግለታለሁ?» አለኝ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በገንዳው ላይ ቫይታሚኑን የሚመዝነው አንድ ሰው፣ በአዮዲን የሚያየው ሌላ ሰው ሆነ። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ራሱ ነው ይባላል።

መኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ። የድርጅቱ መራጭ ነጭ ጓንት ያደረገ፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አሥር ኮክ ከአሥር ሳጥን መረጠ፤ ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደረደራቸው። እህቲቱ በጠረጴዛው ወዲያ፣ ወንድሟ በር ላይ። እኛ ሥራ የያዝን መስለን ቆመናል።

የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ላይ መራጩ ቢላውን ጠረገና ስንጥቁን ወደ ጎን አደረገው፤ ጠቁሯል። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ደህና። እህቲቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች። ሰባተኛው ጥቁር። ስምንተኛው ደህና። ዘጠነኛውን ሲሰነጥቅ መሃሉ ፍሬ ላይ ተጣበቀ፤ በእጁ አላቀቀው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ደህና ነው» አለ።

አንድ ሰው ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማ። አንድ ቀረ።

አሥረኛው ከሁሉም የሚያምረው ነበር። ቢላው ገባ፣ ዞረ፣ ሁለት ሆነ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። መራጩ ስንጥቁን ከሁለቱ ጥቁሮች ጎን አስቀመጠው።

«እመቤቴ፣ አዝናለሁ። ሕጉን የማወጣው እኔ አይደለሁም።»

«ገባኝ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ።»

መኪናው የሌሎችን ጭኖ ሄደ። ሳጥኖቿ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ፓምፑ ዘንድሮ እንደማይገዛ ሁላችንም አውቀናል፤ የደረቀው ቢሸጥ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ጋሽ ቅምሻ ከበሩ ተነስቶ መጣና ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

እህቱ የላይኛውን ሳጥን እያየች ጠየቀችው። በስምንት ቀን ውስጥ እሱን ያናገረችው ያኔ ነው።

«ጭማቂ ቤቱ የተቆረጠ ይቀበላል?»

«ይቀበላል። ግን ጥቁሩ ፈጽሞ መውጣት አለበት፤ ትንሽ ካዩ ይመልሱታል» አለ። ትንፋሽ ሳይወስድ ቀጠለ። «እስከ አሥር ሰዓት ነው የሚቀበሉት፤ ነገና ከነገ ወዲያ ዝግ ናቸው። ዋጋቸው መጥፎ ነው፣ ከገበያው ብዙም አይሻልም። ሁሉንም በሰዓቱ የምናደርስ አይመስለኝም፤ አሥር ሳጥን ብናደርስ ነው። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ይኼው ነው የማውቀው።»

ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ምሕረት ነበር ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ፤ ድካም ነበር።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ከሩብ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ያዝ በዚያ በኩል» አለችና የሳጥኑን አንድ ጫፍ አነሳች።